«ሚሊዮን ስንት ነው?»፦ ዓሣውና ቆጠራው

ዴቪድ ሽዋርትዝ ጽፎት ስቲቨን ኬሎግ ሥዕሎቹን የሠራለት «ሚሊዮን ስንት ነው?» የተባለው የልጆች መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው የወጣው። ምሳሌዎቹ ግን እኩል አይደሉም። ለአንድ ሚሊዮን ወርቃማ ዓሦች የሚበቃ ገንዳ ዓሣ ነባሪ ይይዛል ይለናል። ዓሣ ነባሪ አይቶ የማያውቅ ልጅ ከዚህ የሚወስደው «በጣም ትልቅ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱንማ ድሮም ያውቀዋል!

የቆጠራው ምሳሌ ግን ግሩም ነው። ያለ ዕረፍት እስከ ሚሊዮን ለመቁጠር 23 ቀን ገደማ፣ እስከ ቢሊዮን 95 ዓመት። 23 ቀን በሺህ ቢባዛ 63 ዓመት ነው እኮ፤ ታዲያ ትርፉ 32 ዓመት ከየት መጣ? ቁጥሩ ሲያድግ ስሙም ስለሚረዝም ነው። ስሌቱ የተሠራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በአማርኛ «ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ» ለማለት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ልጆቹ ራሳቸው በሰዓት ይለኩት።

እኛ ጋ ደግሞ መጽሐፉ የማያውቀው ጣጣ አለ። የዕብራይስጡ «ኤሌፍ» 1,000 ነው፤ የአማርኛው «እልፍ» 10,000 (በወሬ «እልፍ ሰው» ስንል ግን ስፍር ቁጥር የሌለው ማለታችን ነው)። ቃሉ ዘመድ፣ ልዩነቱ አሥር እጥፍ! በአማርኛ «ቢሊዮን» የምንለውም በዕብራይስጥ «ሚልያርድ» ነው። ለልጆቻችን የሚያነብ ሰው ገንዳውን ዘሎ ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ፦ «የአያትሽ አንድ እልፍ ስንት ኤሌፍ ይሆናል?»