ስልካችሁ ጮቄን ያውቀዋል?

ስልካችሁን አውጡና የአየር ትንበያውን መተግበሪያ ክፈቱ። መጀመሪያ "ብቸና"፣ ቀጥሎ "ሞጣ" ብላችሁ ፈልጉ። ለሁለቱም ሰዓት በሰዓት የተከፋፈለ ትንበያ ይመጣላችኋል፦ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 60 በመቶ ዝናብ፣ 10 ሰዓት ላይ 45 በመቶ። (ስልኩ 3 ሰዓት ሊላችሁ ይችላል፤ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ አትደናገሩ።) ደመናው ተስሏል፣ ጠብታው ይንጠባጠባል። ያምራል። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ማማሩ ነው፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አስመስሎ ያቀርብልናል።

ቁጥሩ ብቸና ላይ ቀና ብሎ ሰማይ ካየ ሰው አልመጣም። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች መነሻቸው የዓለምን አየር በሙሉ በኮምፒውተር የሚያሰሉ ጥቂት ሞዴሎች ናቸው። ሞዴሉ ምድርን በካሬ በካሬ ይከፋፍላታል። የአውሮፓው ማዕከል ሞዴል ካሬ ጎኑ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአሜሪካው ደግሞ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ካሬ ውስጥ ያለው አንድ የመሬት ከፍታና አንድ የዝናብ መጠን ብቻ ነው።

አሁን አገሩን አስቡት። ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ጮቄ ከብቸና በስተ ምዕራብ፣ ከሞጣ በስተ ደቡብ ቆሟል። በሌላው በኩል መሬቱ በአጭር ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይ በረሃ ይገባል። ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለላል፤ ከዚያ መብረቅ፣ አንዳንዴም በረዶ። የዚህ ደመና ስፋት ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ዕድሜውም አንድ ሰዓት ገደማ ሊሆን ይችላል። ሞዴሉ ካሬ ውስጥ ግን ጫፉም ገደሉም በአማካይ ተደልድሏል። ስለዚህ ያንን ደመና ራሱን አያየውም፤ "ይህን ያህል ሙቀትና እርጥበት ካለ ይህን ያህል ዝናብ አይቀርም" ብሎ በቀመር ይገምታል። በረዶው የማን ማሳ ላይ እንደሚወርድ ሊነግረን አይችልም።

"ግን እኮ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል" ትሉኝ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ሞጣ የቆየሁ ጊዜ እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። በየጠዋቱ ስልኬን አያለሁ፣ ዝናብ ይላል፣ ይዘንባል። ያረፍኩባቸው እናት ግን ስልክ ሳያዩ በየቀኑ ልብሱን ከገመድ ላይ በጊዜ ያስገቡ ነበር። በሐምሌ "ዛሬ ይዘንባል" ለማለት ኮምፒውተር ምን ያደርጋል? ትንበያ የሚመዘነው የወቅቱን ልማድ ከሚያውቅ ሰው በምን ያህል በለጠ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሰሜናዊው የአፍሪካ ሐሩር ክልል ላይ የወጣ ጥናት የዓለም አቀፍ ሞዴሎችን የዝናብ ትንበያ እንዲሁ መዝኖ ነበር። እንዳለ ሲወሰድ፣ ያለፉት ዓመታትን መዝገብ ብቻ ይዞ ከሚገመት ግምት እንኳ በአብዛኛው አንሶ ተገኘ።

የቁጥሩ ጣጣ የሚመጣው ኅዳር ላይ ነው። አጎቴ ብቸና አጠገብ ጤፍ ያርሳሉ። ጤፉ ታጭዶ ሜዳ ላይ ተኝቶ ሳለ ያለወቅቱ ዝናብ ከመጣ ነጩ ጤፍ ይጠቁራል፣ ዋጋው ይወድቃል። አንድ ቀን ደውለው "አንተ ልጅ፣ ያ ስልክህ ምን ይላል?" አሉኝ። "20 በመቶ ይላል" አልኳቸው። "እኮ፣ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?"

ሳቅሁ፤ መሳቅ አልነበረብኝም። 20 በመቶ ማለት እንዲህ በተባለባቸው አሥር ቀናት በሁለቱ ያህል ይዘንባል ማለት ነው። እንበልና ጤፉን በላስቲክ መሸፈን 500 ብር ይፈጃል፤ ካልተሸፈነና ከዘነበ ኪሳራው 5,000 ብር ነው። 500ን ለ5,000 ስታካፍሉት 10 በመቶ ነው፤ ትንበያው ከዚያ ካለፈ መሸፈን ያዋጣል። ስሌቱ ቀላል ነው። ችግሩ፣ ያ 20 በእውነትም 20 መሆኑን ማን አረጋገጠ? መተግበሪያው ባለፈው ዓመት ለብቸና ያለው ከዘነበው ጋር ተነጻጽሮ አብሮ አይቀርብም። መሐንዲስ ሆኜ ስናገር፣ ስህተቱ ያልተጻፈበት መለኪያ አልገዛም።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ቀን ትንበያ በተቃራኒው ደረቅ ነው። ዞኖችን ይዘረዝራል፣ "በአንዳንድ ቦታዎች" ይላል፣ በመኸር ሰዓት የታጨደውን ሰብስቡ ብሎ ይመክራል። ወጣት አንባቢ ይሰለቸዋል። እኔ ግን ከስልኩ ይበልጥ ሐቀኛ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ምሥራቅ ጎጃም ሲል ምሥራቅ ጎጃምን ነው፣ የአጎቴን ማሳ አውቃለሁ አይልም። የምወቅሰው "አንዳንድ" ስንት እንደሆነ በቁጥር ስለማይነግረን ነው። ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያ ሁሉ የሚያምር ደመና ጠፋ፤ የቀረው ሬዲዮ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ የአውሎ ነፋስ መከታተያ ካርታ እንደምትወዱ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2018 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን ሶማሌላንድን ሲመታ መስመሩ ከቀናት በፊት ጀምሮ ይታይ ነበር፤ ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ሲገባ ደከመ። ጎጃም አይደርስም፤ ሳይክሎን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ስለሆነ ተራራ ላይ ይሞታል። ቢሆንም ከሩቅ ይነካናል፦ ዱላ ሻንቆና ፒየር ካምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት በደቡብ ምዕራብ ህንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን የሚበዛባቸውን ዓመታት ከበልግ ድርቅ ጋር አያይዘዋቸዋል። የሚገርመው፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሰፋውን ያንን ጭራቅ መከታተል ከጮቄ ላይ ከምትነሳው አንዲት ደመና ይቀላል። እሱ ከብዙ የሞዴል ካሬዎች ይበልጣል፤ እሷ አንዱን እንኳ አትሞላም።

ለእሷ የሚሻለው ትንበያ ሳይሆን ማየት ነው። ሜቲዮሳት ሳተላይት በየ15 ደቂቃው አፍሪካን ፎቶ ያነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የመጠቀው አዲሱ ደግሞ በየ10 ደቂቃው፣ መብረቅንም ይመዘግባል። አሁን በኅዳር አጎቴ ሲደውሉ መጀመሪያ የምከፍተው ይህንን ፎቶ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ጮቄ ላይ ነጭ ነጥብ አለ? 7 ተኩል ላይ ሰፋ? ወደ ብቸና ነው ወይስ ወደ ሞጣ የሚያዘነብለው? ከዚያ "ላስቲኩን ያዘጋጁ" ወይም "ገና ነው" እላቸዋለሁ። እሳቸውም ስልኩን ሳይዘጉ ከደጅ ወጥተው ወደ ጮቄ ያያሉ።