የደባርቅ የጾም ምሳ

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል የሚወጣው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ደባርቅ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሊማሊሞ ነው። ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የሚያቀና ሹፌር ሆዱን ሳይሞላ ጠመዝማዛውን አይጀምርም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም እዚሁ ስለሆነ፣ ወደ ተራራው የሚወጣ ጎብኚ የሚመዘገበው በዚህች ከተማ ነው። ስለዚህ 6 ሰዓት ሲሆን ምግብ ቤቶቹ ይሞላሉ። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ስለ ዋልያው፣ ስለ ጭላዳውና ስለ ቀይ ቀበሮውም ብዙ ተጽፏል። ሰው ሁሉ በልቶት ስለሚነሳው ምሳ ግን የሚጽፍ እምብዛም የለም። እኔ ደግሞ በደባርቅ ካየሁት የእጅ ሥራ ሁሉ ይበልጥ የማከብረው ረቡዕና ዓርብ የሚቀርበውን የጾም ሽሮና ከሥሩ የተነጠፈውን እንጀራ ነው።

ሽሮ የቸገረው ሰው ምግብ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሥጋና ቅቤ የወጥ ሠሪን ጉድለት ይሸፍናሉ፤ የጾም ሽሮ አይሸፍንም። ድስቱ ውስጥ ያለው ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዘይትና ውሃ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ከተበላሸ የሚደበቅበት የለም።

አገሩ ራሱ ለምግቡ ምክንያት ሆኗል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ድስቱ ቢንፈቀፈቅም ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ባቄላ ወይም ምስር እስኪበስል ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ሽሮ ይህን ድካም አስቀድሞ የጨረሰ ምግብ ነው። የደጋው ባቄላና አተር ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ልጣጩ በሰፌድ ተበጥሮ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ተፈጭቶ ተቀምጧል። ዋናው ፈተና አቆላሉ ላይ ነው። ካረረ ይመራል፤ ካነሰው ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሌላ ምንም ቢጨመርበት አይስተካከልም። ስለዚህ የዛሬው ምሳ ግማሹ የተሠራው ከወራት በፊት፣ ጸሐይ ላይ በተሰጣ እህል ነው።

ሌላው ግማሽ ዓይኔ እያየ ተሠራ። የተቀመጥኩበት ምግብ ቤት የማዕድ ቤቱ በር ክፍት ነበር። ወጥ ሠሪዋ እድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው። ደቆ የተከተፈውን ሽንኩርት ባዶ ድስት ላይ ጣሉት፤ ዘይት ገና የለም። ሽንኩርቱ የራሱን ውሃ አወጣ፣ ውሃው ደረቀ፣ ከታች ያዝ ማድረግ ሲጀምር ዘይቱ ገባ። ቀጥሎ በርበሬ። አሁን ማማሰያው አያርፍም፤ በሌላው እጃቸው ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። በርበሬ በዘይት ብቻ ከተተወ ያርራል፣ ውሃ ከበዛበት ደግሞ ሳይበስል ይቀቀላል። ድስቱ ድምፁን በለወጠ ቁጥር ጠብታው ይገባ ነበር፤ ወደ ድስቱ ሳያዩ እንኳ በጆሯቸው ያውቁታል። ቁሌቱ ሲደርስ ውሃውን ቸልሰው አፈሉ፣ ከዚያ ሽሮውን በቀኝ እጃቸው እየነሰነሱ በግራቸው አማሰሉ። አንድም ጓል አልቋጠረም።

አጠገቤ የተቀመጠው ሹፌር ለመንገዱ ቸኩሏል።

«እትዬ፣ አልደረሰም እንዴ?»

«ትንሽ ታገሠኝ ልጄ፤ ዘይቱን አልተፋም።»

ታገሠ። እኔም ታገሥኩ። ሽሮው እየተንተከተከ ቆይቶ፣ ቀይ ዘይት በጠርዙ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ ሲወጣ ድስቱ ከእሳት ወረደ። ፈሰስ ያለ ሽሮ ነው፤ እንጀራው ላይ ሲፈስ ተዘርግቶ ይቆማል፣ ውሃው ለብቻው አይሸሽም። እንደ ሐር ለስልሷል፤ ምላስ ላይ የሚሻክር ነገር የለውም። ቅመሙ አንዱ ሌላውን አልዋጠውም፣ በሶብላው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

እንጀራው ቅይጥ ነው። ጤፍ ሞቅ ካለው አገር ይመጣል፤ የዚህ ብርድ እህል ገብስ ነው። ገብስ ደግሞ ሥራ ያበዛል። ገለባው እስኪለቅ በሙቀጫ መሸክሸክ አለበት። ብቻውን ሲጋገር ወፈር ይላል፣ ሲያድርም ይፈረፈራል፤ ጤፉ አያይዞ ያለሰልሰዋል። ብርዱም ሊጡን ያዘገየዋል፤ እርሾው ቶሎ ስለማይነሳ ቡሃቃው ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። ከቦካ በኋላ ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ አብሲት ይጣላል፣ ቀዝቅዞም ወደ ሊጡ ይመለሳል። አብሲቱ ከተበላሸ የእንጀራው ዓይን አይወጣም።

የምትጋግረው ወጣት ናት። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሰችው፣ ጭሱን አየች፣ ከዚያ ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሃል አፈሰሰች። መስመሮቹ ሳይነባበሩ ተያያዙ፤ የተነባበረ ቢኖር ያ ቦታ ወፍሮ ይታይ ነበር። አክንባሎው ወዲያው አልተደፋም። ዓይኑ ከዳር እስከ መሃል እስኪከፈት ጠበቀች። ቀድማ ብትደፋው ዓይኑ ይታፈናል፣ ብትዘገይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የመጠበቂያ ሰዓት የላትም፤ ዓይኗን ከምጣዱ አታነሳም፣ በቃ። ጠርዙ ከምጣዱ ሲነሳ ሰፌዱን ከሥር አስገብታ ሳበችው። አንድ እንጀራ ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት። ዓይኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፣ ጀርባው ልሙጥ፣ ያረረ ነጥብ የለበትም። በሁለት ጣት ሲቆረስ ይታዘዛል፣ ሽሮውን በዓይኑ ይዞ ይነሳል፣ ጣት አያስነካም።

ከጎን አንድ ቃሪያና ትንሽ ሚጥሚጣ ነበር። ጥሩ ናቸው።

ከኮሮና ወረርሽኝና ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ወደ ተራሮቹ የሚወጣው ጎብኚ ቀንሷል፤ ከሚወጣውም ብዙው ምሳውን ጎንደር አስቋጥሮ ይመጣል። ምግቡ ገደል አፋፍ ላይ ሲበላ በርዷል። እናንተ አታስቋጥሩ። ደባርቅ ስትደርሱ ከማዕድ ቤቷ ጭስ የሚወጣባትን አንዷን ቤት ምረጡ፣ በጾም ቀን ሽሮ እዘዙ፣ ዘይቱን እስኪተፋ ታገሡ። ሒሳብ ስትከፍሉም እንጀራውን የጋገረችው ማን እንደሆነች ጠይቁና ለእሷም ጉርሻ ተዉላት። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለአስተናጋጁ ብቻ ነው።