ከወሰን ማዶ የሚመጣ ሥርጭትና የቋንቋ ጉዳይ፤ አጭር ሂሳዊ ዳሰሳ

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአዲስ አበባ አንቴናዎች የሚቀበሉት የአገር ውስጡን ሥርጭት ብቻ ነበር። ምክንያቱም የምድር ቴሌቪዥን ሞገድ በአመዛኙ ቀጥታ መሥመር ተከትሎ ስለሚጓዝ፣ ከማንኛውም የአገር ወሰን በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ለምትገኘው ከተማ የጎረቤት አገር ምስል በተራ አንቴና ሊደርሳት አይችልም። ወሰኑን ያሻገረው ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሳተላይት ነው። በቂርቆስና በካዛንቺስ ጣሪያዎች ላይ የተተከሉት ሳሕኖች ለብዙ ጊዜ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ናይልሳት አቅጣጫ ሲመለከቱ ቆይተው፣ ኢትዮሳት በ2012 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙዎቹ ወደ ምሥራቅ ዞሩ። ከእነዚያ ጣሪያዎች ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ሲፈርስ አብረው ጠፍተዋል፤ ያስነሡት ጥያቄ ግን አልጠፋም።

ከውጭ የሚመጣ ሥርጭት ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በመፍቀድና በመከልከል ዙሪያ ይወሰናል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በጀመረበት ወቅት የአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰምተዋል፤ በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከት ተከልክሏል። ለመምህርና ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ተቀባዩ የሚደርሰውን በየትኛው ቋንቋና በምን ሁኔታ ይረዳዋል የሚለው ነው።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውና በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርት ይዘቱ የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት የተከተለ፣ ዝግጅቱ ግን በደቡብ አፍሪካ የተከናወነ፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር። የመምህራንን እጥረት ለማቃለልና ለገጠሩም ለከተማውም እኩል ትምህርት ለማድረስ መታሰቡ የሚነቀፍ አይደለም። ጉድለቱ በአቀራረቡ ላይ ነው። የመስኮቱ መምህር በእንግዳ የአነጋገር ዘዬ ፈጥኖ ይናገራል፤ ጥያቄ አቅርቦ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፤ በክፍሉ የቆመው መምህር ግን ከመግቢያና ከመደምደሚያ ጥቂት ደቂቃዎች በቀር ድርሻ የለውም፤ ሥርጭቱንም ሊያቆመው አይችልም። ተማሪው ያላወቀው አንድ ቃል የተከታዩን ማብራሪያ ሁሉ ይዞበት ይሄዳል።

ቃና በአንጻሩ ባዕድ ታሪክ በአማርኛ አቀረበ። የቱርክ ድራማ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚረዳው ነገር አለ፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ማሰሪያ አንቀጽን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ያኖራሉ፤ ሁለቱም የአክብሮትን አጠራር ከተራው ይለያሉ። ይሁን እንጂ ቱርክኛ «እሱ»ንና «እሷ»ን፣ «አንተ»ንና «አንቺ»ን ስለማይለይ ተርጓሚው በየንግግሩ መወሰን ይኖርበታል። ድካሙ የሚመሰገን ነው። የሚነቀፈው ለከንፈር እንቅስቃሴ ልክ ሲባል ንግግሩ ማጠሩ፣ ተረትና ምሳሌው፣ ምርቃቱና መሐላው መሳሳቱ ነው። አማርኛው ንጹሕ ሆኖ ሳለ የማንም ሰፈር አማርኛ አይደለም።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች የመጣ ነው። ሕዝቡ ቃሉን ተቀብሎ በአፉ አለስልሶ የራሱ አደረገው። የውጭ ነገር የሚዋሐደው ተቀባዩ የመለወጥ ሥልጣን ሲኖረው ነው። ፕላዝማ ይህን ሥልጣን ለመምህሩ አልሰጠም፤ ቃና ለተርጓሚው ሰጠ፤ ነገር ግን ለከንፈር ልክ አስገዛው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ሲዘጉ ትምህርት ዳግመኛ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ሬዲዮ ዞሯል፤ ይህ ወደፊትም ሊደገም ይችላል። ስለሆነም ዕቅድ አውጪው ከመሣሪያ ግዢ አስቀድሞ መምህሩ ትምህርቱን ማቆም፣ መድገምና ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ማስረዳት መቻሉን ሊያረጋግጥ ይገባል። መምህሩም በበኩሉ ተማሪዎቹ እቤት የሚያዩትን የተተረጎመ ድራማ ከመንቀፍ ይልቅ አንዱን ንግግር ወደ አማርኛ ክፍለ ጊዜ አምጥቶ በየሰፈራቸው አነጋገር እንዲያቃኑት ቢያደርግ፣ ከውጭ የመጣው ሥርጭት የማስተማሪያ መሣሪያ ይሆንለታል።