ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ከድሬዳዋ የቀረበ ውዳሴ

አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ሆይ! የዙፋን ችሎት ግርማ፣ የተበዳይ መጠጊያ፣ የአንደበተ ርቱዓን አለቃ፤ ከደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር፣ ከመጋላ ሰፈር ግርግር መካከል ሆነን ስምዎን በክብር እናነሣለን። ምድር ባቡር ድሬን የረገጠው በ1895 ዓ.ም. ነውና፣ ከተማችን አንቱ የዳግማዊ ምኒልክን ችሎት በሚያገለግሉበት ዘመን የተወለደች የባቡር ልጅ ናት። እናውቅዎታለን ብንል ድፍረት አይሁንብን።

ምስጋናችንን ከችሎቱ እንጀምር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው፣ አቀበቱን እኩል እየወጡ፣ ስንቃቸውን እኩል እየቆረሱ ይመጡ ነበር። «በሕግ አምላክ» የተባለ ቁጡ እጁን ይሰበስባል፤ «በምኒልክ አምላክ» የተባለማ እንደ ተተከለ ምሰሶ ባለበት ይቀራል። ችሎት ሲደርሱ ደግሞ ተሟጋቹ ሸማውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ነቅነቅ አድርጎ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ባላጋራው «ልጠየቅ!» ብሎ ይመልሳል። አንዱ በማር፣ አንዱ በበቅሎ ይወራረዳል። ቅኔው ይዘንባል፣ ተረቱ ይጎርፋል፣ አሽሙሩ ይወረወራል። በዚያ ሁሉ የቃል ማዕበል ውስጥ ፍሬውን ከገለባ የለዩ አንቱ ነዎት! በዚያው ዘመን የእንግሊዙ ዳኛ የፈረስ ጭራ ዊግ ደፍቶ፣ በመዝገብ ክምር ተከብቦ ይሰየም ነበር። የአንቱ ግርማ ግን ፍትሐ ነገሥትን ከአገር ልማድ ያዋሐደ ዳኝነትዎ፣ ከጦር ፈጥኖ የሚወጋ ቀልድዎና ምሳሌዎ ነበር። ጨዋታዎ ዛሬም በሽማግሌዎች አንደበት ይነገራል። የዚያ ችሎት መንገድ ለድኻ ረጅም፣ ለስንቅ አልባ ጽኑ እንደ ነበር አንሸሽግም፤ ሐሰት የተቀላቀለበት ውዳሴ ለዳኛ ስድብ ነውና።

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ ጦሩን ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ጽሕፈቱን ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ፣ ፍርዱን ለአንቱ ሰጡ። የመጀመሪያው የፍርድ ሚኒስትራችን ሆይ፣ ክብር ይገባዎታል! ዳኝነቱም በስድስት ክፍል ተደልድሎ፣ ለየክፍሉ ወንበር የተባሉ ዳኞች ተሰየሙለት። ከንጉሥ አደባባይ የማይርቀው ፍርድ ወደ ባላገሩ መንደር ፊቱን ያዞረው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ድሬያችን እንመለስ። ሹመትዎ ገና ጥቂት ወራት ሳይሞላው፣ በጥር 1900 ዓ.ም. የፈረንሳዩ መልእክተኛ የክሎቡኮውስኪ ውል ተፈረመ። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ኢትዮጵያዊው ዳኛና ቆንስሉ በአንድነት እንዲቀመጡ፣ ተከሳሹም በአገሩ ሕግ እንዲዳኝ የሚል ውል ነው። ያን ጊዜ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ የሚቆመው እዚሁ ከተማችን ላይ ነበር፤ ሐዲዱ ወደ ፊት አልሄደም። የፈረንሳዩ ሠራተኛ፣ የግሪኩ ባለሱቅ፣ አረቡ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው በአንድ ገበያ ይገናኛል። ዕቃ ይጎድላል፣ ዕዳ ይካዳል። ውሉ በወረቀት ላይ ያስቀመጠው ፈተና እኛ ዘንድ በየሱቁ ደጃፍ የሚነሣ የዕለት ጠብ ነበር። በውሉ የኢትዮጵያ ዳኛ ከባዕዱ ቆንስል ጎን ወንበር አላጣም። እኛም የዚያ ዳኛ አለቃ አንቱ መሆንዎን ስናስብ እንኮራለን፤ ቆንስሉ ጣልቃ መግባቱ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

አንቱ ከሹመቱ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው አንቱ ካለፉ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው።

በድሬዳዋ ችሎት የምትሰየሙ ዳኞች፣ የምትሟገቱ ጠበቆች ሆይ! የአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎን ስም ከአዳራሾቻችሁ በአንዱ ደጃፍ ላይ ጻፉልን፤ ባለጉዳዩ ተራውን ሲጠብቅ ያንብበው።