መሮውን ማን ይሳለው? ስለ ቶርኖ ሥራ ትምህርት አንድ ሂስ

በብራና ጽሕፈት ትምህርት ደቀ መዝሙሩ ብርዑን ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ራሱ ይቀርጻል፤ ጫፉ ሲዶለዱምም ካራውን አንሥቶ መልሶ ያሾለዋል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበትና እ.ኤ.አ. በ1280/81 የወንጌል መጽሐፍ ያበረከቱለት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከዚህ ትምህርት ነባር ማዕከሎች አንዱ ነው። በሐይቅና በአምባሰል የእንጨት ሥራ ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ይሁንና የቶርኖ ሥራ ትምህርት ሲታቀድ ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። መሮው በመምህሩ ወይም በዕቃ ቤት ሠራተኛው ተስሎ ለተማሪው ይታደላል፤ ነጥብ የሚሰጠው ግን ለተጠናቀቀው ሳህን ወይም ለወንበሩ እግር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ምዘና ምን እንደሚለካ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዱልዱም መሮ የተሠራ ሳህን በብርጭቆ ወረቀት ብዛት ሊለሰልስ ስለሚችል ጉድለቱ ከዓይን ይሰወራል። እውነተኛው ምስክር ከቶርኖው ሥር የወደቀው ነው፦ ስለታሙ መሮ ዋንዛውን እየቆረጠ ረጅም ጥቅልል ፍቅፋቂ ይጥላል፤ ዱልዱሙ እየፋቀ ሰጋቱራ ያበናል። (እጅግ የደረቀ ወይራ ሲሆን በስለታም መሮም ቢሆን ፍቅፋቂው ያጥራል።)

አሳሳሉ ራሱ ከእጅ ልምድ ሌላ ዕውቀትም ይጠይቃል። ሳህን የሚፈለፈልበት ጎድጓዳ መሮ ስለቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን ይስማማዋል፤ መፋቂያው ግን ወደ 70 እና 80 ዲግሪ ይጠጋል። ተማሪው የስለቱን ተዳፋት በቀለም ቀብቶ ድንጋዩን አንድ ጊዜ ቢያስነካው፣ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ አያያዙ የት እንደሳተ ወዲያውኑ ያሳየዋል። በኤሌክትሪክ በሚዞር ድንጋይ ላይ ተጭኖ የቆየ ተራ የካርቦን ብረት ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬውን አጥቷልና ያ ክፍል ተሞርዶ እስኪወገድ ድረስ ስለት አይዝም። በመጨረሻም በጠርዙ ላይ የሚቀረው ስስ የብረት ልጣጭ ዘይት በነካው ደቃቅ ድንጋይ ይነሣል።

ዐቃጆች የመሳያ መኪና እጥረትን እንደ ምክንያት ማቅረባቸው በከፊል ተገቢ ነው። ነገር ግን የተበላሸ ቅርጽ ለማስተካከል እንጂ ስለትን ለማደስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃል፤ ቤት ውስጥ ምሳር በድንጋይ ሲሳል አይቶ ላደገ ልጅም ነገሩ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆንበት ከክፍል ሲገባ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜያት ጥቂቶቹ ለአሳሳል ይሰጡ፤ ተማሪውም ሳህኑን ሲያስረክብ ራሱ የሳለውን መሮና ከሥሩ የሰበሰበውን ፍቅፋቂ አብሮ ያቅርብ፤ ሦስቱም ነጥብ ይያዝላቸው።