ሁለት ዓይን፣ አንድ ዓይን፦ የካንት ውበትና ሥዕለ አድኅኖ

ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የፍርድ ኃይል ሂሱ አንባቢውን አንድ ቤተ መንግሥት ፊት ያቆመዋል። ውብ ነው ወይ? ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሕዝብ ላብ በከንቱ ፈሰሰበት ብሎ ሊያወግዝ ይችላል፤ እኔ እንዲህ ያለ ቤት ምን ያደርግልኛል ሊልም ይችላል። ካንት ሁለቱንም አይነቅፍም፤ የተጠየቀው ግን ይህ አይደለም ይላል። ለእሱ የውበት ደስታ ነገሩን የራስ ከማድረግም ሆነ ከመጠቀም ፍላጎት የጸዳ ነው።

ይህ ሐሳብ ጽኑ ነው። ዴቪድ ሂዩም በ1757 የጣዕም ዳኝነትን ልምድ ላካበቱ ሐያስያን ሰጥቶ ነበር። ካንት ግን «ውብ ነው» የሚል ማንኛውም ሰው የሌላውንም ስምምነት እንደሚሻ፣ ይህን ለመሻት የሚያበቃውም የግል ጥቅሙን ወደ ጎን ማድረጉ እንደሆነ አሳየ። ዛሬም ይህን ነጥብ ያፈረሰ አላየሁም።

ችግሩ የሚታየኝ ስድስት ኪሎ ስደርስ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። እዚያ የእመቤታችንን ሥዕል የሚያይ ጎብኚ የቀለሙን ስምምነትና የመስመሩን ጥራት ያደንቃል፤ ካንት የሚለውን ሰው ሆኗል ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ ያለው ሥዕል በመጋረጃ ይሸፈናል፤ ሲገለጥ ምእመኑ ይማጸናል። ሥዕለ አድኅኖ የሚለው ስም ራሱ ፍላጎቱን አይደብቅም፤ አድኅኖ ማዳን ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረውና በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ሥዕል ላይ ስሙን ያኖረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንም የሣለው ለሚጸልይ ሰው ነው።

ካንት ዓላማ ያለውን ውበት ዘንግቶታል ማለት ፍትሕ አይሆንም። ጥገኛ ውበት የሚለው ምድብ አለው፤ ቤተ ክርስቲያንንም በምሳሌነት ያነሣል። ነገር ግን ዓላማ እዚያ የሚገባው እንደ ገደብ ነው፦ ዓይን የሚማርክ ጌጥ ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን አይስማማም ይለናል። በሥዕሎቻችን ዓላማው ገደብ ሳይሆን ምንጭ ነው። በልማዱ ጻድቅ ፊቱን አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ቅርጹና ፍርዱ አይለያዩም። ከፍላጎት የጸዳው ተመልካች የሚያየው የጎን ምስል ነው፤ ፍርዱ ያመልጠዋል።

ከካንት ሌላ ያሉ አሳቢዎችም ክፍተቱን አይሞሉትም። ቶልስቶይ ጥበብን ስሜት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ አድርጎ ሲተነትን ለምእመኑ ይቀርባል፤ በዚያው መስፈርት የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ከታላላቅ ሥራዎች ተርታ ማስወጣቱ ግን የመስፈርቱን ዋጋ ያሳንሰዋል። አርተር ዳንቶ በ1964 ከአንዲ ዋርሆል የብሪሎ ሳጥኖች ተነሥቶ የጻፈው ደግሞ አንድ ነገር ጥበብ ተብሎ ለመታየት የንድፈ ሐሳብ ድባብ እንደሚያስፈልገው ነው። ይህ የሙዚየሙን ሥራ ያስረዳል፤ የጥበብ ሥራ መባልን ጨርሶ ስለማይፈልገው ምእመን ግን የሚለው ትንሽ ነው።

ስለዚህ የካንት እይታ በአንድ ዓይነት ቤት ውስጥ የሚበቅል የአመለካከት ልማድ እንጂ የውበት ሁሉ መለኪያ አይመስለኝም። ሥነ ውበት የምታስተምሩ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ወደ ስድስት ኪሎ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስለ ቀለሙ ከመናገራቸው በፊት ዓይኖቹን ይቁጠሩ።