ማየት ብቻውን ያድናል ወይ? የድራጎስን የልቪቭ ሪፖርት ስናነብ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በዩክሬኗ ልቪቭ ከተማ ከ600 በላይ የመኖሪያ ሕንጻዎች ለሁለት ቀን ያህል ማሞቂያ አጡ። የውጭው አየር ከዜሮ በታች ነበር። ቧንቧ አልፈነዳም፣ የተቃጠለ ማሽንም የለም። የሙቅ ውሃውን ሥርጭት የሚቆጣጠሩት ኮንትሮለሮች የተሳሳተ ልኬት መናገር ጀመሩ፤ ሥርዓቱም ያንኑ አምኖ ሠራ። በቃ፣ ቤቶቹ ቀዘቀዙ።

ስድስት ወር ቆይቶ፣ በጁላይ፣ ድራጎስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስለዚሁ ጥቃት ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱ በዘርፉ ብዙ ተጠቅሷል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ትኩረቱን ያሳረፈበት ቦታ ላይ ጥያቄ አለኝ። ጥያቄው ድራጎስን ብቻ ሳይሆን የመሠረተ ልማት ሳይበር ደህንነት የሚሸጡ ኩባንያዎችን ሁሉ ይመለከታል።

መጀመሪያ ድርጅቱን እንወቀው። ድራጎስ በ2016 ሮበርት ኤም. ሊ እና ሁለት ባልደረቦቹ የመሠረቱት ሲሆን ዋና ቢሮው ሜሪላንድ ነው። ሥራው የቢሮ ኮምፒውተር መጠበቅ አይደለም። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የነዳጅ መስመርና ፋብሪካ የሚያንቀሳቅሱትን የቁጥጥር ሥርዓቶች ነው የሚጠብቀው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ላፕቶፓችሁ ላይ አንቲቫይረስ ትጭናላችሁ፣ ሲያስቸግር አጥፍታችሁ ታበራላችሁ። የውሃ ፓምፕ የሚቆጣጠር የ15 ዓመት ኮንትሮለር ላይ ግን አንቲቫይረስ የሚጫንበት ቦታ የለም። ያልተለመደ መልእክት ሲላክለት ቀጥ ብሎ ሊቆም የሚችልም አለ። ስለዚህ የድራጎስ ሶፍትዌር በዋናነት ዝም ብሎ ያዳምጣል። በኔትወርኩ ስዊች በኩል የሚያልፈውን መልእክት ቅጂ ወስዶ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ይመዘግባል፤ እንግዳ ነገር ሲያይ ደወል ይደውላል። እንደ ኢንጂነር ካያችሁት ብልህ አካሄድ ነው።

አሁን ወደ ልቪቭ እንመለስ። ድራጎስ ያገኘውን ማልዌር ፍሮስቲጉፕ ብሎ ሰየመው። ይህ ሶፍትዌር ኮንትሮለሮቹን የሚያናግረው ሞድባስ በሚባል ፕሮቶኮል ነው። ሞድባስ በ1979 የወጣ ሲሆን ዛሬም በዓለም ዙሪያ በሰፊው ይሠራበታል። ላብራቶሪ ውስጥ በሞድባስ የሠራ ተማሪ ጸባዩን ያውቀዋል፤ ፓስወርድ አይጠይቅም። «በዚህ ሬጂስተር ላይ ይህን ቁጥር ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ሲደርሰው ይጽፋል። ላኪው ማን ነው የሚል ጥያቄ በፕሮቶኮሉ ውስጥ የለም። ሲፈጠር ሽቦው ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ነበርና ሽቦው ጋ የደረሰ ሰው እንደ ቤተሰብ ይታመን ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ፍሮስቲጉፕ የሚልከው የሞድባስ ትእዛዝ ሕጋዊ ነው። የኮንትሮለሩን ምስጢር አልሰበረም፣ የተደበቀ ቀዳዳም አላስፈለገውም። ኔትወርኩ ውስጥ የገባ ሰው በነጻ የሚገኝ የሞድባስ ላይብረሪ ይዞ ጥቂት መስመር ኮድ ቢጽፍ ያንኑ ትእዛዝ ሊልክ ይችላል። ታዲያ የሪፖርቱ ዋና ዜና ለምን ማልዌሩ ሆነ?

ዋናው ታሪክ ሪፖርቱ ውስጥ ራሱ አለ። አጥቂዎቹ የገቡት፣ ሪፖርቱ እንደሚገምተው፣ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ የማይክሮቲክ ራውተር በኩል ነው። ጊዜው ደግሞ ኤፕሪል 2023፤ ከጥቃቱ ዘጠኝ ወር በፊት። ከዚያ በኋላ የተጠቃሚዎችን ፓስወርድ የሚያስገኝ መረጃ ሰረቁ። ራውተሩ፣ ሰርቨሮቹና ኮንትሮለሮቹ በሚገባ አልተለያዩም ነበር፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ከሳሎን ወደ ማድቤት እንደመሄድ ነው። በመጨረሻም የኮንትሮለሮቹን ፈርምዌር ወደ አሮጌ ስሪት መለሱት፤ አሮጌው ስሪት ደግሞ ድርጅቱ ይጠቀምበት የነበረው የክትትል አቅም የለውም። ሠራተኞቹ ማየት ተሳናቸው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አዲስ የሚባለው ማልዌሩ ብቻ ነው። ከማልዌሩ በፊት ያሉት ቀለበቶች ሁሉ የቆዩና የታወቁ ናቸው፤ ሊበጠሱ የሚችሉትም በርካሽ ነበር። አንድ የውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ የዜናውን ርዕስ ብቻ ቢያነብ «አዲስ መሣሪያ መጣብን፣ አዲስ መከላከያ እንግዛ» ይላል። ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው ቢያነብ ግን «ራውተራችንን መጨረሻ ያደሰው ማን ነው? መቼ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያድነው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ይህን የምለው የኩባንያው ሰዎች ስላልገባቸው አይደለም። እንዲያውም በጣም ይገባቸዋል። በ2022 ሊ ከቲም ኮንዌይ ጋር ሆኖ ለሳንስ ኢንስቲትዩት በጻፈው ጽሑፍ ለቁጥጥር ሥርዓቶች አምስት መሠረታዊ ጥንቃቄዎችን ዘርዝሯል፤ ለጥቃት ጊዜ የተዘጋጀ እቅድ፣ ሊከላከሉለት የሚቻል የኔትወርክ አሠራር፣ ክትትል፣ ከርቀት የሚገባበትን በር መጠበቅ፣ እና ቀዳዳዎችን እንደ አደጋቸው መጠን መድፈን። ዝርዝሩን አንድ በአንድ እዩት። ሶፍትዌር ገዝታችሁ በቀጥታ የምታገኙት በዋናነት ሦስተኛውን ነው። በሌሎቹ ላይ ባለሙያ ሊያማክር፣ መሣሪያም ሊያግዝ ይችላል፤ ኔትወርኩን የሚከፋፍለው፣ ራውተሩን የሚያድሰው፣ እቅዱን የሚለማመደው ግን የጣቢያው ባለቤት ራሱ ነው።

ሚዛናዊ እንሁን። ዘጠኝ ወር ረጅም ጊዜ ነው፤ በሚገባ የሚከታተል ሰው ቢኖር ኖሮ አጥቂዎቹን የማየት እድል ነበረው። ክትትል አያስፈልግም የሚል ሰው ይህን መመለስ አለበት። ግን ደወል ሲደወል የሚነሳ ሰው ያስፈልጋል። በዲሴምበር 2015 የዩክሬን ሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋዮች ሲጠቁ 225,000 ያህል ደንበኞች መብራት አጥተው ነበር። መብራቱ በሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞች ወደ ማከፋፈያዎቹ ሄደው በእጃቸው ስለሠሩ ነው። በእጅ መሥራት የሚያውቅ ሠራተኛ የሳይበር መከላከያ ነው፤ በየትኛውም ኩባንያ የዋጋ ዝርዝር ላይ ግን አታገኙትም።

ሌላው ቅሬታዬ ስያሜው ነው። በ2017 በሳውዲ አረቢያ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የደህንነት ኮንትሮለሮች ላይ የተገኘውን ማልዌር ፋየርአይ ትራይተን አለው፣ ድራጎስ ትራይሲስ አለው፣ የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ ሃትማን አለው። በ2016 ኪየቭን ያጨለመውንም ኢሴት ኢንደስትሮየር፣ ድራጎስ ክራሽኦቨርራይድ ብለውታል። ለኩባንያው ስሙ ማስታወቂያ ነው። ሌሊት ተረኛ ለሆነ ኢንጂነር ግን አንድን በሽታ በሦስት ስም መፈለግ ነው።

ምስጋና የሚገባውንም ልንገራችሁ። በሜይ 2023 ወንበዴዎች ሥራ ሊጀምር የነበረ አዲስ የድራጎስ ሠራተኛን የግል ኢሜይል ሰብረው በእርሱ ስም ወደ አንዳንድ የኩባንያው ሰነዶች ገብተው ነበር፤ ገንዘብም ጠይቀዋል። ኩባንያው አልከፈለም። የሆነውን ከነሰዓቱ ጽፎ አወጣው። ጠባቂ ቤቱ ሲሰበር ይህን በግልጽ መናገሩ ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካም ዓመታዊ ገቢያቸው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሆነ የውሃ፣ የመብራትና የጋዝ አገልግሎቶች ሶፍትዌሩን በነጻ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። ይህም ችግሩ ዋጋ መሆኑን እንደሚያውቅ ያሳያል።

እናንተ በውሃ፣ በመብራት ወይም በፋብሪካ የምትሠሩ ከሆነ ሻጭ ቢሯችሁ ከመምጣቱ በፊት አራት ነገር እወቁ። ከኢንተርኔት የሚታይ መሣሪያ አላችሁ? ሪፖርቱ ራሱ በሞድባስ የሚነጋገሩና ለኢንተርኔት የተጋለጡ ከ46,000 በላይ መሣሪያዎች መኖራቸውን ይናገራል። ከቢሮ ኮምፒውተር እስከ ኮንትሮለሩ ስንት በር አለ? ከርቀት የሚገባው ሰው ከፓስወርድ ሌላ ምን ያሳያል? ስክሪኑ ቢጠፋ በእጁ ማሠራት የሚችል ማን ነው? እነዚህን መመለስ ፈቃድና ጊዜ እንጂ ብዙ ዶላር አይጠይቅም።

ከድራጎስ ቀጣይ ሪፖርት የምጠብቀው አንድ ገጽ ነው። ከማልዌሩ ስም በፊት የሚቀመጥ፣ ሰንሰለቱ የት የት ላይ ሊበጠስ ይችል እንደነበረና እያንዳንዱ ስንት ብርና ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚናገር ገጽ። መረጃው እጃቸው ላይ አለ። ያንን ገጽ ያነበበ ሥራ አስኪያጅ ምናልባት ሶፍትዌሩን ይገዛል፣ ምናልባት አይገዛም። ራውተሩን ግን በዚያው ሳምንት ያድሳል።